ቆላ ሳለን ያልነበረ ራስ ምታት

ጥያቄ

የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን ነው። እስካለፈው ዓመት ማብቂያ ድረስ የኖርነው ሸዋ ሮቢት ሲሆን፣ ባለቤቴ ሥራ በመቀየሩ በጳጉሜን ጓዛችንን ጠቅልለን ወደዚህ መጣን። 9 ዓመት የሞላውና ሦስተኛ ክፍል የሚማረው ልጄ ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ «እማዬ፣ ራሴን» ማለት አበዛ። በሳምንት ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ጊዜ ያመዋል። አንዳንዱ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ነው፤ አንዳንዱ ቀን ደግሞ ከእንቅልፉ ሲነሣ ነው። ግንባሩን በሁለት እጁ ይይዛል፣ ፊቱ ይገረጣል፣ መጋረጃውን ዝጉልኝ ይላል፣ አልፎ አልፎም ያስመልሰዋል። ተኝቶ ሲነሣ ግን ምንም እንዳልነካው ሁሉ ኳሱን ይዞ ይወጣል። መምህሩ ከትምህርት ለመቅረት ያመጣው ሰበብ ሳይሆን አይቀርም ብለውኛል፤ እውነቱን ለመናገር እኔም የተጠራጠርኩበት ጊዜ አለ።

የምንኖረው በሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ነው። ብርዱን አልቻልነውም። ከኅዳር ወዲህ ማታ ማታ ከሰል ደጅ አቀጣጥዬ፣ ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን ማንደጃውን ወደ መኝታ ክፍል አስገባዋለሁ፤ ስንተኛም በአመድ አዳፍነዋለሁ። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ስለሆነ ልጁ አንዱን ሳምንት ጠዋት፣ ሌላውን ሳምንት ከሰዓት በኋላ ይማራል። በጠዋቱ ፈረቃ ከ1 ሰዓት ተኩል በፊት መውጣት ስላለበት ቁርስ አይወስድለትም። እኔ ራሴ ከልጅነቴ ጀምሮ ራስ ምታት አለብኝ፤ የሚለቀኝ ሻሼን አጥብቄ አስሬ ጨለማ ውስጥ ስተኛ ነው።

በአንድ የግል ክሊኒክ ሦስት ጊዜ ደሙ ተመርምሮ ሦስቱንም ጊዜ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ መድኃኒትና መርፌ ታዞለታል። ሕመሙ ግን ተመልሶ መጣ። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማ ከሴ አሽታ አሽትታዋለች፤ ጸበልም ተጠምቋል። አሁን በየሁለት ቀኑ አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል እሰጠዋለሁ። ጎረቤቶቼ አዲስ አበባ ወስደሽ ጭንቅላቱን በሲቲ ስካን አሳዪው እያሉ ስለሚያስጨንቁኝ፣ ገንዘብ ተበድረንም ቢሆን ልንሄድ እያሰብን ነው። ብርዱ ነው? ከፍታው ነው? ወይስ የከፋ ነገር አለበት?

የልጁ እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

የተከበሩ እመቤት፣

የቀረውን መልሴን ከማንበብዎ በፊት ዛሬ ማታ እንዲያደርጉልኝ የምጠይቅዎት ነገር አለ። ያንን ማንደጃ ከመኝታ ክፍሉ ያውጡት። ጭሱ ያለቀ ከሰል አይጎዳም የሚለው እምነት በደጋው አገራችን ብዙ ቤተሰብ አሳዝኗል። ዓይን የሚለበልበው ጭስ ያልቃል እንጂ፣ ፍሙ እስካለ ድረስ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ መውጣቱን አያቆምም፤ ይህም ጋዝ መልክም ሽታም ስለሌለው የተኛ ሰው አይነቃበትም። በአመድ ማዳፈን ደግሞ ፍሙ አየር አጥሮት በዝግታ እንዲነድ ስለሚያደርግ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጋዙ ሲወጣ ያድራል። ይህ ጋዝ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅኑ ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጠው በደብረ ብርሃን አየሩ ራሱ ሳሳ ያለ በመሆኑ፣ የሰው አካል እንዲህ ያለውን ጉድለት የሚችልበት ትርፍ የለውም። ጠዋት ሲነሡ እርስዎንም ሆነ ባለቤትዎን ራስ ራሳችሁን የሚላችሁ፣ የሚያዞራችሁ፣ ደጅ ስትወጡም የሚለቃችሁ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ እርግጠኝነት ይጠጋል። በጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ይህን ጋዝ ከኦክስጅን መለየት ስለማይችል፣ «ልኩ ጥሩ ነው» ቢባሉም አይዘናጉ። ክፍሉን ማሞቅ የግድ ከሆነ ከመኝታ በፊት በርና መስኮት ገርበብ አድርጎ አሙቆ፣ ማንደጃውን ከነፍሙ ደጅ አውጥቶ፣ ከዚያ ጋቢና ብርድ ልብስ ደራርቦ መተኛት ይሻላል።

ይሁን እንጂ ነገሩ በከሰሉ ብቻ አያልቅም። ሕመሙ የጀመረው በጥቅምት አጋማሽ፣ ማንደጃው መኝታ ክፍል የገባው በኅዳር መሆኑን ራስዎ ጽፈዋል። ቀድሞ የመጣውን ነገር ኋላ በመጣው ልናሳብብ አንችልም። እንዲያውም ደብዳቤዎ ስለ አንድ ራስ ምታት ሳይሆን ስለ ሁለት የሚናገር ይመስለኛል፤ አንደኛው ከትምህርት ቤት መልስ የሚመጣው ነው፣ ሌላው ከእንቅልፍ ሲነሣ የሚገኘው ነው። ሁለቱ በአንድ ልጅ ግንባር ላይ ስለ ተገናኙ አንድ ምንጭ አላቸው ማለት አይደለም።

ከፍታውን ስለ ጠየቁኝ በአጭሩ ልመልስ። ከሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ጣርማ በርን ወጥቶ ደብረ ብርሃን የደረሰ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሱን ቢያመው አይደንቅም። ያ ግን ሰውነት አየሩን ሲለምድ በቀናት ውስጥ የሚተው ነው፤ በጳጉሜን ወጥቶ በጥቅምት አጋማሽ የጀመረን ሕመም አያስረዳም። ብርዱም ቢሆን ብቻውን ለወራት የሚመላለስ ራስ ምታት አያመጣም። ከቆላው ጋር የሚያያዝና ልዘለው የማልፈልገው አንድ ነገር ግን አለ። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት በጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ፣ ሰውየው ወባ የሌለበት ደጋ ከገባ ከሳምንታትና ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። ስለዚህ ራስ ምታቱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለበት፣ ከሸዋ ሮቢት መምጣታችሁን ለጤና ባለሙያው ነግረው የወባ ምርመራ ያስደርጉለት። ባለሙያው ደብረ ብርሃን ላይ ተቀምጦ ወባን ቀድሞ ላያስበው ይችላል።

ሦስት ጊዜ ተገኘ ስለ ተባለው ታይፎይድና ታይፈስ የምለው ቅር የሚያሰኛቸው ባልደረቦች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ዊዳልና ዌይል ፌሊክስ የሚባሉት የተለመዱት የደም ምርመራዎች የሚፈልጉት ተዋሲያኑን ሳይሆን፣ ሰውነት ለመከላከል ያዘጋጀውን አካል ነው። ያ መከላከያ ደግሞ ከዱሮ ሕመም የቀረ ወይም በሌላ ተዋሲ ምክንያት የተፈጠረ ሊሆን ስለሚችል፣ በእኛ አገር ምንም ያላመመው ሰው ቢመረመር እንኳ «አለብህ» ሊባል ይችላል። ታይፎይድም ታይፈስም ሰውን በትኩሳት ለቀናት የሚጥሉ በሽታዎች ናቸው። ትኩሳት የሌለው፣ አንድ እንቅልፍ ተኝቶ ሲነሣ ኳስ የሚያባርር ልጅ፣ ያውም በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ ታይፎይድና ታይፈስ ያዘው ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም። ትኩሳት ሳይኖር አራተኛ ዙር እንዳይጀመር በአክብሮት እለምንዎታለሁ። ያለ ምክንያት የሚወሰድ ፀረ ተዋሲ መድኃኒት በሚያስፈልግበት ቀን እንዳይሠራ ይሆናል፤ ሆድንም ያውካል።

ታዲያ ልጁን የሚያመው ምንድን ነው? ሳልመረምረው አልፈርድም፤ ሆኖም የጻፉልኝ ምልክቶች፣ ማለትም የፊቱ መገርጣት፣ ብርሃን መጥላቱ፣ ማስመለሱና ተኝቶ ሲነሣ መዳኑ፣ የልጆችን ማይግሬን ይመስላሉ። ማይግሬን በአዋቂ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጎን ሲያም፣ በልጆች ላይ ግን ግንባርን ከዳር እስከ ዳር ይይዛል። በአዋቂ ሕክምና ሳይደረግለት ከ4 እስከ 72 ሰዓት ሲቆይ፣ በልጆች ከ2 ሰዓት በኋላ ሊለቅ ይችላል። በዚህ ማጠር የተነሣ ነው ብዙ ልጅ «አስመሳይ» የሚል ስም የሚወጣለት። ከእንቅልፉ በኋላ መጫወቱ የበሽታው ጠባይ እንጂ የውሸቱ ማስረጃ አይደለም፤ ይህንኑ ለመምህሩ በጨዋ ደንብ ቢያስረዷቸው መልካም ነው። ማይግሬን በዘር ይወርዳል። ሻሽ አስረው ጨለማ ውስጥ የሚተኙት እናት የሰጡኝ መረጃ ከሦስቱ የደም ምርመራዎች ይልቅ ረድቶኛል።

ነገር ግን ማይግሬን ያለበት ልጅ ሁልጊዜ አያመውም። በአንዱ ቀን የሚያስነሣበት፣ በሌላው ቀን የሚያስተኛለት ነገር አለ፤ የእርስዎ ድርሻ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ባለ 50 ሉክ ደብተር ይግዙ። ለስድስት ሳምንት ያህል በየማታው፣ ልጁ ያመመውም ያላመመውም ቀን ቢሆን፣ ጥቂት መስመር ይጻፉ። ያላመመውን ቀን እንዲጽፉ አጥብቄ የምነግርዎት በምክንያት ነው። የታመመበትን ቀን ብቻ የሚጽፍ ወላጅ «ያን ዕለት ቁርስ አልበላም ነበር» ብሎ ይደመድማል፤ ቁርስ ሳይበላ በደኅና የዋለባቸው ሌሎች አሥር ቀናት መኖራቸውን ግን አያይም። የሚጻፈው ስንት ሰዓት ተኝቶ ስንት ሰዓት እንደ ተነሣ፣ ምን ምን ሰዓት ላይ እንደ በላና ውኃ እንደ ጠጣ፣ የትኛው ፈረቃ እንደሆነ፣ ሕመሙ የጀመረበት ሰዓትና የቆየበት ጊዜ፣ አብሮት የታየው ምልክት፣ የተሰጠው መድኃኒት፣ ማታውን ክፍሉ ውስጥ እሳት መኖር አለመኖሩ ነው። ስልክ ወይም ቴሌቪዥን ላይ አምሽቶ ከሆነም ይጻፉት። ቡናም እንዲሁ። እንግዳ ነገር እንዳይመስልዎት፤ ቡና በዳቦ የሚቀምሱ ልጆች በቤታችን ሞልተዋል፣ የለመደው ልጅ ደግሞ የተከለከለ ዕለት ራሱን ያመዋል።

ፈረቃው በየሳምንቱ መለዋወጡ ለእኛ ሥራ የተመቸ ነው። ልጁ ያው ልጅ፣ ቤቱ ያው ቤት፣ መምህሩም ያው መምህር ሆነው ሳሉ የሚለወጠው የመነሻ ሰዓቱና ቁርሱ ነው። ከትምህርት መልስ የሚመጣው ሕመም በጠዋቱ ፈረቃ ሳምንት በርክቶ በከሰዓቱ ሳምንት ከቀነሰ፣ ከማታ እራት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ባዶ ሆድ መቆየቱን ወይም ማልዶ መነሣቱን መጠርጠር ተገቢ ነው። በሁለቱም ሳምንት እኩል ሆኖ ቅዳሜና እሑድ ከጠፋ ደግሞ ነገሩ ከክፍሉ ውስጥ ነው ማለት ነው። ምናልባት ሰሌዳው አይታየውም፤ ምናልባትም አዲስ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ የሚያስፈራው ልጅ አለ። የሰፈር ጓደኞቹን ትቶ የመጣ የ9 ዓመት ልጅ ሐዘኑን በቃል መናገር ሲያቅተው ራሱን ወይም ሆዱን ሊያመው እንደሚችል፣ ያም ሕመም እውነተኛ ሕመም እንደሆነ መዘንጋት አይገባም። ከእንቅልፍ ሲነሣ የሚይዘውን በተመለከተ፣ ማንደጃው ከወጣ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ጨርሶ ከጠፋ መልሱን አገኘን። ካልጠፋ ግን ደብተሩ እስኪሞላ አይጠብቁ፤ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ይመለሱ።

ደብተሩ እየተጻፈ ሳለ ቁርሱን ማስተካከል ይቻላል። የሸዋ ደጋ የገብስ አገር ነው፤ በውኃና በጥቂት ማር የተበጠበጠ በሶ አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ፣ ቆሎ በኪሱ ይዞ ለመውጣት አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ውኃም በኮዳ ይያዝ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ስለማያልበው ውኃ የማያስፈልገው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዐቢይ ጾም እየቀረበ በመሆኑ፣ ልጁ እንደ ታላላቆቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጹም ቢል ስለ ሕመሙ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቀድመው ይነጋገሩ። ጸበሉንም አልቃወምም፣ የዳማ ከሴውም ሽታ አይጎዳውም፤ ግንባር መብጣትና ዋግምት ግን እንዳይሞከር፣ ቁስሉ ሊመረቅዝ ይችላል።

ወደ መድኃኒቱ ልለፍ። ለልጅ የሚሰጠው የፓራሲታሞል መጠን በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ይሰላል፤ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ሆኖ፣ በሁለት መጠን መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት እየተጠበቀ፣ በቀን ከአራት ጊዜ አይበልጥም። ልጅዎ 25 ኪሎ ቢመዝን ከ250 እስከ 375 ሚሊ ግራም ማለት ነው፤ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ሙሉ ፍሬ ይበዛበታል፣ ግማሹ ይበቃዋል። ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን በየሁለት ቀኑ መሰጠቱ ነው። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ የሚወሰድ ማስታገሻ ሦስት ወር ካለፈው ራሱ ራስ ምታት ያመጣል፤ እርስዎ እዚያ ወሰን ላይ ቆመዋል። በሳምንት ከሁለት ቀን እንዳይበልጥ ያድርጉ፤ የሚሰጡትም ሕመሙ እንደ ጀመረ ይሁን፣ ከበረታ በኋላ የሚሰጥ ማስታገሻ ብዙም አይረዳምና። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።

አሁን ወደ ሲቲ ስካኑ። ማይግሬን የሚመስል ሕመም ያለበት፣ ሲመረመርም ምንም ጉድለት ያልተገኘበት ልጅ ጭንቅላቱን በመሣሪያ መታየት አያስፈልገውም። ሲቲ ስካን ጨረር አለው፤ 130 ኪሎ ሜትር መንገድና ብድሩም አለ። ከዚያ ይልቅ በዚህ ሳምንት አቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ወስደው፣ እነዚህን ነገሮች ስም ጠርተው ይጠይቁ፦ ለልጅ ክንድ በሚሆን መጠቅለያ የደም ግፊቱ ይለካለት፤ ዓይኑ ውስጥ በመብራት ታይቶ የዓይኑ ነርቭ መነሻ አለማበጡ ይረጋገጥ፤ በቀጥታ መስመር ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ ይራመድ፤ እያንዳንዱ ዓይኑ ለየብቻው በፊደል ገበታ ይፈተን፤ ጥርሱና ጆሮው ይታዩ። የልጅ የደም ግፊት ሳይለካ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የኩላሊት ሕመም ግን አንዳንዴ በራስ ምታት ብቻ ይገለጣል። ይህ ምርመራ ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው። የዓይኑ ነርቭ ወይም አረማመዱ ያልተስተካከለ ሆኖ ከተገኘ፣ የጭንቅላት ምስሉን የማዝዘው ያን ጊዜ ነው፤ ተበድረው እንዲሄዱም የምመክርዎት እኔው እሆናለሁ።

ሁለተኛ ጥያቄ

የ5 ዓመት ሴት ልጄ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ጠዋት ስትነሣ ራሴን ትላለች። ካስመለሳት በኋላ ይሻላታል። ስትሄድ መንገዳገድ ጀምራለች፤ አንድ ዓይኗም ወደ ውስጥ የዞረ መሰለኝ። ወስፋት ነው ብለውኝ የወስፋት መድኃኒት ሰጠኋት። ምን ዓይነት ምግብ ባበላት ይሻላል?

አባት፣ ከእነዋሪ

መልስ

የተከበሩ አባት፣

ደብዳቤዎ እንደ ደረሰን በላኩልን ስልክ ደውለን የነገርንዎት፣ እዚህ ላይ የሚታተመው ለሌሎች ወላጆች ሲባል ነው። ለዚች ልጅ ደብተር አያስፈልግም፤ የምግብ ምክርም የለኝም። የጠዋት ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መንገዳገድና የዓይን መዞር በአንድነት ሲታዩ በጭንቅላት ውስጥ ያለው ግፊት ጨምሮ እንደሆነ በአስቸኳይ መታየት አለበት። ከላይ ለጻፉልን እናት አያስፈልግም ያልኩት የጭንቅላት ምስል ለዚች ልጅ ዛሬ ነገ የማይባልበት ነው። ምክንያቱ ዕጢም ይሁን የፈሳሽ መጠራቀም፣ ቀድሞ ሲደረስበት ብዙ ጊዜ መፍትሔ ያለው በመሆኑ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር አልተናገርኩም፤ ጊዜ ማባከን አይቻልም ነው የምለው።

ሌሎች ወላጆችም ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው፣ ልጅን ከሌሊት እንቅልፉ የሚቀሰቅስ፣ ሲያስል ወይም ሲያምጥ የሚብስ፣ ከሳምንት ወደ ሳምንት እየበረታ የሚሄድ ራስ ምታት፣ እንዲሁም በሽታውን በወጉ መናገር በማይችል ሕፃን ላይ የሚመላለስ ራስ ምታት ቤት ውስጥ የሚጠበቅ አለመሆኑን ነው። ሁለት ሁለት ሆኖ ማየት፣ የአንድ ጎን መዛል፣ መንቀጥቀጥ፣ የጠባይ ድንገተኛ መለወጥም እንደዚሁ ናቸው። ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር ከመጣ የማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል ሰዓታት ይቆጠራሉ። ለሳምንታት የቆየ ራስ ምታት ከመክሳትና ከማታ ማታ ትኩሳት ጋር ከሆነ ደግሞ፣ በተለይ ቤት ውስጥ የሚያስል የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ ካለ፣ ይህንኑ ለሐኪሙ ሳይጠየቁ ይናገሩ።

ሆስፒታል ስትደርሱ «ራሷን ያማታል» ብቻ ብለው አይቀመጡ፤ ራሷን የሚያማት ልጅ ብዙ ስለሆነ ተራ ያስጠብቋችኋል። «ጠዋት ጠዋት ያስመልሳታል፣ ትንገዳገዳለች፣ ዓይኗ ዞሯል፣ ሦስት ሳምንቷ ነው» ይበሉ።